ረዳት አብራሪ እስክሆን

ጥቅምት 12

ሰሜን በረሃ፣ ሎድዋር ደርሼ ተመለስኩ። እንደተለመደው ብቻዬን። ከኋላ የክትባት ሳጥኖች፣ ሁለት የሚሲዮን እህቶች፣ እግሩ የታሰረ አንድ ፍየል። ልንነሳ ስንል አንደኛዋ እህት አንገቷን አስግጋ «ረዳትሽ የታለ?» አለችኝ። «እኔው ነኝ» አልኳት። አማተበች። ፍየሉ ግን ምንም አላለም፤ እስከ ሎድዋር ድረስ ከሁላችንም የተረጋጋው እሱ ነበር።

ትንሿን አውሮፕላኔን፣ ካራቫኗን፣ እወዳታለሁ። አንድ ሞተር፣ አንድ አብራሪ። የሚጠይቀኝ የለ፣ የማስረዳው የለ። ሬዲዮውም መሪውም ካርታውም በራሴ እጅ... ከናይሮቢው የዊልሰን አውሮፕላን ሜዳ እየተነሳሁ ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። ታዲያ ምን ጎደለኝ?

ቤት ስገባ ባሌ ሙሊ የተማሪዎቹን የሒሳብ ፈተና ጥሎ ስልኩን እያወዛወዘ ጠበቀኝ። «ወጣ! ማስታወቂያው ወጣ!» ትልቁ አየር መንገድ ረዳት አብራሪዎች ሊቀጥር ነው። መቶ ምናምን ሰው ለሚጭነው አውሮፕላን። ልጅ ሆኜ ቮይ ባቡር ጣቢያ ቆሜ፣ ወደ ሞምባሳ ሲያልፍ አንገቴ እስኪደክም ቀና ብዬ የማየው እሱን ነበር።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉ አማቴ ማማ ሙሊ። ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከማቻኮስ መጥተው እኛው ጋር ከቀሩ አራት ዓመታቸው ነው።

«ፈተናው፣ ሕክምናው፣ ተራ መጠበቁ፣ ስልጠናው... ሁሉም ከተሳካ ዓመት። አንዳንዱ ዓመት ተኩል።»

«ዓመት! በዓመት እኮ ልጅ ተፀንሶ፣ ተወልዶ፣ አንገቱን ያቀናል!»

ልጅ የሚለውን ቃል ሲሉ ሙሊን እያዩ ነው። ሙሊ ቶሎ ብሎ ወደ ፈተና ወረቀቱ ተመለሰ።

ጥቅምት 13

ማመልከቻውን ላክሁ። ከላክሁ በኋላ ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳየሁት... ምን አስቤ ነው? በአንድ ሰዓት ውስጥ «ነይ ብረሪ» ሊሉኝ ነው?

ኅዳር 25

ዝም።

የግቢያችን ዘበኛ ባራሳ በር ሲከፍትልኝ፣ «ካፕቴን፣ ገና ነው?» ይላል። ለማን እንደነገርኩ አላስታውስም። እኔ አልነገርኩትም። ሙሊም አልነገርኩም ይላል። ማማ ሙሊ ደግሞ ጥያቄው ሲነሳ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ጥር 8

ጠሩኝ! ለጽሑፍ ፈተና። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ከዚያ ደግሞ በአንድ እጅ ነጥብ እያሳደዱ በሌላው ቁጥር መደመር። ካሰብኩት በላይ ደስ አለኝ... እጄ መቼ አሳፍሮኝ ያውቃል?

አዳራሹ ሙሉ ልጆች ናቸው። አንዱ፣ ሳሊም የሚባል ቀጭን የሞምባሳ ልጅ፣ መጥቶ በትህትና «መምህር፣ ሽንት ቤቱ የት ነው?» አለኝ። እኔም እንደሱ ተፈታኝ እንደሆንኩ ስነግረው መሬት ብትውጠው ደስ ባለው። ከዚያ ወዲያ «ማዘር» ነው የሚለኝ። ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው እኮ! ግን ልጁን ወደድኩት።

ጥር 27

ቃለ መጠይቅ። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ማንም የማይነካው ብስኩት።

ሁሉንም መለስኩ። አንዱ ግን እየከነከነኝ ነው። «ከአለቃሽ ጋር ያልተስማማሽበትን አንድ ጊዜ ንገሪን» አሉኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ... «ከአለቃዬ ጋር ተጋጭቼ አላውቅም» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። መሃል የተቀመጡት ሽበታም ሰውዬ አንድ ነገር ጻፉ። ምን ይሆን?

ማማ ሙሊ፦ «ጨዋ መልስ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

ሙሊ ግን ሰሃኖቹን ማንሳት ጀመረ።

የካቲት 19

የጤና ምርመራ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ደም፣ ልብ፤ የቀረ ነገር ያለ አይመስለኝም። ሐኪሟ «ጤነኛ ነሽ» ብላ ፈረመች። ማማ ሙሊ ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው። «ምንም ላላመማት ሰው ይሄን ሁሉ መሣሪያ! ለእኔ ጉልበት አንዲት ክኒን!»

መጋቢት 3

አልፌያለሁ!!

ግን... «ስንጠራሽ ትመጫለሽ።» መቼ? «ስንጠራሽ።» ያለፉት ሁሉ ተራ ይጠብቃሉ፤ የስልጠናው ክፍል ቦታ ሲኖረው ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይጠራል። አንዳንዱ ወር፣ አንዳንዱ ግማሽ ዓመት ይጠብቃል አሉ።

ያም ሆኖ ማታ ፍየል አስጠብሰን በላን። ሙሊ ባራሳንም ጠራው። ባራሳ አጥንቱን እየጋጠ፣ «አሁንስ ካፕቴን ነሽ?» አለ። «ገና ነው።» «እንግዲያው ይሄ ፍየል የምንድነው?» ሁላችንም ሳቅን።

ሚያዝያ 20

ዝናብ። በማራው የአራዊት ፓርክ ያለው ማረፊያ ሜዳ ጭቃ ሆኗል። ዛሬ ሳርፍ የሜዳ አህዮች መሃሉ ላይ ተኝተው አገኘኋቸውና በላያቸው ዞርኩ፤ አልተነሱም። ሁለተኛ ዞርኩ። አንዷ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ሦስተኛው ላይ ሄዱልኝ... እነሱም ስንጠራሽ ነው የሚሉት።

ከማቻኮስ የማማ ሙሊ እህት ደውላ ነበር። ለንደን እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የቱ ለንደን? ማማ ሙሊ ጉልበታቸውን አሻሹ።

ግንቦት 11

ጠሩኝ። ስልጠናው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይጀምራል።

አለቃዬ ጋ ሄጄ ሥራ መልቀቄን ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነው፤ ተነስቶ ጨበጠኝ። ከዚያ ግን ቀስ ብሎ፣ «የአንቺን ቦታ ሌላ ሰው ይይዘዋል። እዚያ ባይሳካ... እንዳትቀየሚኝ፣ መመለሻ አይኖርሽም» አለኝ። አውቃለሁ። ግን ሰው ጮክ ብሎ ሲለው ሌላ ነው። ፈራሁ። ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ ነው የመጣው።

ግንቦት 24

የመጨረሻ በረራዬ በካራቫኗ። ካረፍኩ በኋላ አፍንጫዋን መታ መታ አደረግኋት። ማንም አላየኝም መሰለኝ።

ሰኔ 15

ክፍል። በዚህ ዕድሜዬ ደብተርና እርሳስ! የኤሌክትሪኩ መስመር፣ የዘይቱ ግፊት፣ የነዳጁ ጋን፣ በሮቹ... አንድ አውሮፕላን ይህን ያህል አንጀት አለው እንዴ? ሳሊም ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። እንቅልፍ ሲወስደው በክርኔ እጎስመዋለሁ፤ ሲነቃ «አመሰግናለሁ ማዘር» ይላል።

የሚያስተምሩን ካፕቴን ኦጉቱ ናቸው። እኚያ የቃለ መጠይቁ ሽበታም ሰውዬ። እኔ ሳልወለድ መብረር የጀመሩ ሰው። አይጮሁም። ይጠብቃሉ ብቻ... ዝምታቸው ከጩኸት ይብሳል።

ሰኔ 28

የወረቀት አውሮፕላናችን ተሠራ። የአብራሪዎቹ ክፍል ፎቶ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ በልኩ፣ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ይሸጣል። ሠልጣኞች ሁሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈው እጃቸውን ያለማምዱበታል። እኛም ሳሎን ለጠፍነው፣ ከፊቱ ሁለት ወንበር። ማማ ሙሊ ግራውን ወንበር ወዲያው ያዙት። «ይሄ የካፕቴኑ ነው» አልኳቸው። «ስለሚመች ነው የተቀመጥኩት» አሉ። ሹራባቸውን እዚያው ሆነው ይሠራሉ። እኔ በቀኝ በኩል ሞተር አስነሳለሁ።

ሐምሌ 9

የክፍሉን ፈተና አለፍኩ። ሳሊምም። ከነገ ወዲያ ሲሙሌተር፣ የበረራ መለማመጃው ውስጥ፣ እንገባለን። ከውጭ ሲያዩት በእግር የቆመ ትልቅ ሳጥን ነው፤ ከውስጥ ግን እውነተኛ አውሮፕላን ነው። ይነሳል፣ ይንገጫገጫል፣ ሞተሩ በእሳት ይያያዛል፤ ሰው ብቻ አይሞትም።

ሐምሌ 17

ኦጉቱ፦ «እጅሽ ጥሩ ነው።» ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሐምሌ 26

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ዛሬ ኦጉቱ ራሳቸው በካፕቴኑ ወንበር ተቀመጡ። እሳቸው ያበርራሉ፣ እኔ ሬዲዮ እመልሳለሁ፣ እከታተላለሁ። ወደ ናይሮቢ እየወረድን ነው። የአየር ተቆጣጣሪው በሬዲዮ «ወደ ዘጠኝ ሺህ ጫማ ውረዱ» አለ። «ዘጠኝ ሺህ» ብዬ መለስኩ። ኦጉቱ የከፍታውን ቁልፍ አዞሩና ሰባት ሺህ ላይ አቆሙት። ሰባት! ከፊታችን የንጎንግ ኮረብቶች እያሉ።

ወዲያው ነው ያየሁት። ግን እንዲህ ላለ ትልቅ ሰው «ተሳስተዋል» ይባላል? እጄን ቀስ ብዬ ዘረጋሁና ወደ ዘጠኝ መለስኩት። የታጠፈ ኮሌታ ሳይሰሙ እንደማቃናላቸው። እንዲያውም በልቤ ኮራሁ። አላሳፈርኳቸውም ብዬ።

ሲሙሌተሩን አቆሙት።

«ማነው የነካው?»

«እኔ... ተሳስቶ ስለነበር...»

«መሳሳቱን ለማን ነገርሽ?»

ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።

«እኔ ወደ ሰባት እየወረድኩ ነው። አንቺ ወደ ዘጠኝ። አሁን ስንት አውሮፕላን ነው ያለን?»

መልሱን ራሳቸው ሰጡ።

«ሁለት። የሰጡን ግን አንድ ነው።»

ከሳሊም ጋር ስበርም እንዲሁ ሳደርግ ሲያዩኝ ከርመዋል። ቁልፉን እቀድመዋለሁ፣ መንኮራኩሩን ሳይጠይቀኝ አወጣለሁ፣ ስህተቱን አርምና ዝም እላለሁ። «እጅሽ ፈጣን ነው፤ አፍሽ ግን የለም» አሉ። የዛሬውን አላሳለፉኝም። አንድ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠኛል። ያም ካልሆነ ስልጠናው ያበቃል። ካራቫኗ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀምጧል...

ሐምሌ 27

አለቀስኩ። ሙሊ ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ። 

ለማረም ተብሎ ትልቅ ሰው ፊት አፍ መክፈት... እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲሳሳት ዞር ይባላል፣ ይስተካከላል፣ አለቀ። መናገር ድፍረት ነው። ብልግና ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ግን ዝም ያለው ነው ባለጌው፤ ያውም መቶ ምናምን ሰው ከኋላ አስቀምጦ። ገብቶኛል እኮ። ጉሮሮዬ ግን አልገባውም።

ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ

የዛሬውን በደንብ ልጻፍ።

ሙሊ ነው ሐሳቡን ያመጣው። «እማ፣ ዛሬ ካፕቴኑ አንቺ ነሽ» አላቸው።

«እኔ? መነጽሬን አምጡልኝ።»

ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አንሾካሾከላቸው። እሱ ተቆጣጣሪ ሆነ። «ወደ ዘጠኝ ሺህ ጫማ ውረዱ!» ብሎ በክፍል ድምፁ ጮኸ። ማማ ሙሊ ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን ተክለው፣ «ሰባት ሺህ!» አሉ።

እጄ ሄደ። ሙሊ ጠረጴዛውን በማስመሪያ መታው። «አፍ! እጅ አይደለም፣ አፍ!»

እንደገና። እጄ። ማስመሪያ። እንደገና። እጄ ላይ ተቀመጥኩበት... አሁን ደግሞ ድምፄ አልወጣ አለ።

«ምኑ ነው የከበደሽ? "ማማ፣ ዘጠኝ ነው" በያት!»

ማማ ሙሊ መነጽራቸውን አወለቁ። «በሙቶኮዬም እንዲሁ ነች» አሉ።

 ቅዳሜ ቅዳሜ ሙቶኮይ ይሠራሉ፤ የተፈተገውን በቆሎ ከባቄላ ጋር። ይጣፍጣል፤ ጨው ግን ይበዛበታል። ዞር ሲሉ ቀስ ብዬ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ።

«አላየችኝም ብላ ውሃ ትጨምራለች» አሉ ለሙሊ። «እኔ ደግሞ ውሃ እንደምትጨምር ስለማውቅ ጨዉን አስቀድሜ አበዛዋለሁ።»

«እኔ ጨው ስለበዛ እኮ ነው ውሃ...»

«እኔም ውሃ ስለበዛ ነዋ!»

ሙሊ ማስመሪያውን አስቀመጠ። «ቆይ፣ ቆይ። እና እኔ አራት ዓመት ሙሉ የምበላው ምንድነው?»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እኔ። ሆዴን እስኪያመኝ። ሙሊ ብቻ አልሳቀም፤ የበላውን እያሰበ ነበር መሰለኝ። ስንረጋጋ ክንዴን ያዙኝ። «ለምን አትነግሪኝም? እቆጣለሁ ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«ብቆጣስ? ተቆጥቼ ተቆጥቼ ይወጣልኛል። ወጡ ግን ይተርፋል።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ወደ ወረቀቱ ዞሩ። «ሰባት ሺህ!»

«ማማ፣ ተሳስተዋል። ዘጠኝ ሺህ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ተቆጣጣሪው አለ። እኔም እያልኩ ነው።»

«እሺ፣ ዘጠኝ» አሉና ጣታቸውን አነሱ። እስኪመሽ ድረስ ያላሳሳቱት ቁልፍ የለም። እየጣማቸው ሄደ። በመጨረሻ ራት ልሥራ ስል እንኳ «የት ነው የምትሄጅው፣ ገና አላረፍንም!» አሉ።

ሐምሌ 30

ተጨማሪው በረራ። ኦጉቱ ግራ፣ እኔ ቀኝ። 

ብዙ ቆዩ። ምንም አላሳሳቱም። ልክ ልቤ ማረፍ ሲጀምር አንድ ትንሽ ነገር... የማረፊያውን አቅጣጫ ቁጥር አዛብተው አስገቡ። እጄ ተነሳ። መለስኩት።

«ካፕቴን፣ አቅጣጫው ተሳስቷል።» ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣ።

«ልክ ነሽ። አስተካክይው።»

በቃ ይኸው! ይህን ያህል ነው? ሰማይ አልወደቀ፣ ሰው አልሞተ፣ ሽማግሌው አልተቀየሙኝ። ከወጣን በኋላ፣ «አልፈሻል። ቀጥይ» አሉኝ። ሳሊም ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀኝ ነበር። «ማዘር!» ብሎ ሲጮህ የጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ ዞሩ።

ነሐሴ 20

እውነተኛው አውሮፕላን። ያለ መንገደኛ፣ ባዶውን። ተነሳሁ፣ ዞርኩ፣ አረፍኩ፤ ተነሳሁ፣ ዞርኩ፣ አረፍኩ። ከባድ ነው ብዬ ነበር የጠበቅሁት... ገራም ነው። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለም። ደስ ብሎኛል።

መስከረም 14

አሁን መንገደኛ አለ። ሞምባሳ፣ ኪሱሙ፣ ኢንቴቤ። አስተማሪ ካፕቴን ሁሌ ከጎኔ አለ፤ ሁለት ሦስት ወር እንዲህ ከተበረረ በኋላ የመጨረሻው መፈተኛ በረራ ይመጣል። እሱ ነው የሚለየው።

ባራሳ፦ «ዩኒፎርም ለብሰሻል፣ አሁንም ገና ነው?»

«ገና ነው።»

«ይሄ ሥራ ከጋብቻም ይብሳል» አለ።

ቅዳሜ ሙቶኮዩን ቀመስኩና «ማማ፣ ጨው በዛ» አልኳቸው። ተቆጡ። በደንብ ተቆጡ። ከዚያ ድንች ቆርጠው ጨመሩበት።

ኅዳር 9

ነገ ነው። ፈታኙ ኦጉቱ ናቸው። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ... ካልሆነስ? ልብሴን ሙሊ ተኩሶልኛል። እንቅልፍ ይወስደኛል መሰለኝ። የሚገርመው እሱ ነው።

ኅዳር 10

ወደ ኪሱሙ እሳቸው ናቸው ያበረሩት፤ የእኔ ሥራ መከታተል ነበር። ከሐይቁ በኩል ጥቁር ደመና ተነስቷል። ነፋሱ ከኋላችን ሆኖ ይገፋናል። መንደርደሪያው ይታያል፣ ቅርብ ነው፤ ፍጥነታችን ግን ከልክ በላይ ነው።

«ፍጥነት!» አልኩ።

«እያስተካከልኩ ነው።»

አልወረደም። እያሳሳቱኝ ይሆን? ወይስ እውነት ነው? ይህን ሳስብ መሬቱ እየቀረበ... ምን ለየው? ፈተና ቢሆን፣ እውነት ቢሆን፣ የምለው ያው አይደል?

«አልተስተካከለም። ካፕቴን፣ እንዙር!»

 ለሞተሩ ሙሉ ኃይል ሰጡት፣ ሽቅብ ወጣን፣ በሐይቁ ላይ ዞርን። ደመናው እስኪያልፍ ጠብቀን በሁለተኛው ዙር እንደ ላባ አረፍን። ሞተሩ ሲጠፋ ቀበቷቸውን እየፈቱ፣ «ነፋሱ እውነተኛ ነበር። እኔ እደርስበታለሁ ብዬ ነበር፤ አልደርስም ነበር» አሉ። ፊርማቸውን አኖሩ። «ከነገ ጀምሮ ያለ አስተማሪ ትበሪያለሽ።» እጄን ጨበጡኝ። እንዳላለቅስ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መንገደኞቹን ለመሸኘት በሩ ላይ ቆምን። የመጨረሻዋ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ከሳቸው የሚበልጥ ዘንቢል ይዘዋል፣ ፊታቸው ተቆጥቷል።

«መሬቱን እያየሁት ነበር! ልንደርስ ስንል ወደ ሰማይ የመለሰን ማነው?»

ኦጉቱ ወደ እኔ ጠቆሙ። አሮጊቷ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ከኋላ የቆሙት አስተናጋጆች ሁሉ ያዩኛል።

«አዎ እናቴ። እንዙር ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ዘንቢሉን ወደ እኔ ገፉት። «እንግዲያው» አሉ፣ «ያቆየሽኝ አንቺ ከሆንሽ ይሄን ዘንቢል አንቺ አውርጂልኝ።»

ኦጉቱ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ዘንቢሉን ተሸክሜ ደረጃውን ወረድኩ። ከባድ ነበር።